ዴንቨር ላይ የዝናብ በርሜልና የልብስ እጣቢ መስመር፦ የትኛው ብሩን ያወጣል?

ፍርዱን ቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱን ከዚያ አመጣለሁ። ባለ 55 ጋሎኑ የዝናብ በርሜል ከታች ማራገፊያ ካለው ይገዛል። ከልብስ ማጠቢያ ማሽን በቀጥታ ወደ ጓሮ የሚወጣው ቀላሉ የእጣቢ መስመር ደግሞ ለቤቱ ካወጣሁት ብር ሁሉ የማልቆጭበት ነው። ፓምፕና ፊልተር ያለው፣ እጣቢ እያጠራቀመ አጣርቶ የሚሰጠው ትልቁ ሣጥን ግን በነፃ ቢሰጡኝም አልወስደውም።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ዴንቨር ጎን ያለችው አውሮራ ነው። ኦክቶበር ላይ በረዶ ጥሎ በሁለተኛው ቀን ቲሸርት የሚያስለብስ፣ ሜይ ላይ ደግሞ ዛፉ አብቦ እያለ ተመልሶ በረዶ ሊጥል የሚችል አገር ነው። በአማካይ የመጀመሪያው ውርጭ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ይመጣል፤ የመጨረሻው ኤፕሪል መጨረሻ ወይም ሜይ መጀመሪያ ላይ ይሄዳል። በመሐል ያለው ጊዜ ነው የኛ ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ ጊዜ። ስለዚህ እዚህ ውሃ መያዣ ስትገዙ ስንት ይይዛል ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። ውርጭ ሲመጣ ስንት ደቂቃ ውስጥ ጠብ ሳይል ባዶ ይሆናል? የኔ መመዘኛ ይሄ ነው፣ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ እሱ ላይ ነው የቆመው።

በመጀመሪያ ሕጉ፣ ምክንያቱም ብር የሚያስከስረው እሱን አለማወቅ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ እስከ 2016 ድረስ ከጣሪያ የሚወርድ ዝናብ በበርሜል መያዝ ለአብዛኛው ነዋሪ ክልክል ነበር። የውሃ መብት እዚህ በቀደምትነት ነው። ቀድሞ ወንዙን ጠልፎ የተጠቀመ ገበሬ ወይም ከተማ ቅድሚያ አለው። ጣሪያችሁ ላይ የወደቀው ዝናብም ዞሮ ዞሮ ወንዝ የሚገባ ስለሆነ ከታች ላለው ባለመብት የሚደርስ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ክረምት ሲገባ አሸንዳ ስር ባልዲ እየደረደረ ላደገ የአዲስ አበባ ልጅ ይሄ ጉድ ነው። አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ ጎረቤት አሉኝ፣ ስነግራቸው ሳቃቸው መጣ። «ልጄ፣ እዚህ አገር ሰማዩም ባለቤት አለው ማለት ነው?» አሉኝ። «አለው ጋሼ፣ ፋይልም አለው» አልኳቸው።

የ2016ቱ ሕግ ለአንድ ቤት ሁለት በርሜል ፈቀደ። ሁለቱ ተደምረው ከ110 ጋሎን፣ ማለትም ከ416 ሊትር መብለጥ የለባቸውም። ውሃው ለውጭ ሥራ ብቻ ነው፣ ያውም እዚያው ግቢ ውስጥ። አይጠጣም፣ ቤት ውስጥም አይገባም። ከአራት ቤት በላይ ያለበት አፓርታማ ላይ ከሆናችሁ ሕጉ እናንተን አይመለከትም። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ያለበት ሰፈር ውስጥ ደግሞ ማኅበሩ በርሜሉ የት ይቀመጥ፣ ምን ይምሰል ሊላችሁ ይችላል፣ ጭራሽ አይቻልም ግን አይላችሁም። እንግዲህ ያ በብረት ፍርግርግ የታሰረው ነጭ ባለ 275 ጋሎን ታንከር ምንም ቢረክስ ለናንተ አይሆንም። አገር ቤት ያለውን ሮቶ እያሰባችሁ በትልቁ አትሂዱ።

አሁን በርሜሉ። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ከትልልቆቹ የዕቃ መደብሮች የሚገዛው፣ ጀርባው ጠፍጣፋ ሆኖ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ የእንጨት ወይም የድንጋይ መልክ የተሰጠው ነው። ከ100 እስከ 150 ዶላር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይላል። ሌላው የምግብ ማጓጓዣ የነበረው ሰማያዊ በርሜል ነው። ያገለገለውን በጣም በረከሰ ዋጋ ታገኙታላችሁ። መልኩ አያምርም፣ ጥንካሬው ግን ሌላ ነው። እኔ አንድ አንድ አለኝ። መንገድ ላይ የሚታየው ቆንጆው ነው፣ ሥራውን የሚሠራው ግን ከኋላ ያለው ሰማያዊው ነው።

የቆንጆው በርሜል ትልቁ ጉድለት ቧንቧው ነው። ከወለሉ ወደ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ነው የተተከለው፣ ባልዲ እንዲያስገባ ተብሎ ይመስለኛል። በጋ ላይ ምንም አይደለም። ኦክቶበር ላይ ግን ቧንቧውን ከፍታችሁ «ባዶ ሆነ» ስትሉ ከታች ብዙ ሊትር ውሃ ተኝቶ ይቀራል፣ እሱ ነው በረዶ ሆኖ የሚጋገረው። ውሃ ሲጋገር በይዘቱ ወደ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፣ ፕላስቲክ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ እና ሁለቱ ሲገናኙ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። በርሜሉን ገልብጣችሁ ካልደፋችሁት በቀር መፍትሔ የለውም። ለመገልበጥ ደግሞ ከአሸንዳው መንቀል፣ ከብሎኬቱ ማውረድ አለ። ሰማያዊው ላይ ግን ወለሉ ጠርዝ ላይ ቀዳዳ ተበስቶ የነሐስ ቧንቧ ገብቶለታል፣ ከፍቶ መሄድ ነው።

ስለ ቧንቧ ካነሳን፣ ፕላስቲክ ቧንቧ ይዞ የሚመጣ በርሜል ከገዛችሁ በዚያው ቀን የነሐስ ቀይሩለት። ውርጭ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው በርሜሉ አይደለም። አንድ ቀላል ሌሊት ሙሉ በርሜልን አያጋግርም፣ 200 ሊትር ውሃ ብዙ ሙቀት ይዞ ነው የሚያድረው። የሚፈነዳው ቧንቧው ውስጥና ጎማው ውስጥ የቀረችው ትንሿ ውሃ ነች። ስለዚህ ሴፕቴምበር አጋማሽ ካለፈ በኋላ ማታ ማታ ጎማውን ነቅላችሁ ማሳደር ይበቃል። የሰው ሁሉ በርሜል ባዶ ሆነ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ኦክቶበር ብዙ ጊዜ ጥሩ ጥሩ ቀን አለው።

ክዳን ላይ ቀልድ የለም። ጥብቅ ክዳንና ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ያስፈልጋል። አንዱ ምክንያት ልጆች ናቸው። ሌላው ቢምቢ ነው፤ ኮሎራዶ ውስጥ የዌስት ናይል ቫይረስ አለ፣ ቢምቢ ደግሞ ከዕንቁላል ተነስታ ለመብረር በሙቀት ወራት አንድ ሳምንት ወይም ትንሽ ዘለግ ያለ ጊዜ ነው የሚበቃት። ቀለሙም ብርሃን የማያሳልፍ ይሁን። የዚህ ከፍታ ፀሐይ የሚያሳልፈውን በርሜል በአንድ በጋ አረንጓዴ አልጌ ታደርገዋለች።

ማንም የማይነግራችሁ ነገር ደግሞ መትረፉ ነው። ዴንቨር በዓመት የሚያገኘው ዝናብና በረዶ ተደምሮ ከ400 ሚሊ ሜትር በታች ነው። አዲስ አበባ ከ1,100 በላይ ታገኛለች። ግን እዚህ ሲዘንብ ከሰዓት በኋላ በአንድ ጊዜ ነው የሚደፋው፣ ብዙ ጊዜ ከነበረዶው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። አንድ አሸንዳ የሚሰበስበው 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ካላችሁና 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 400 ሊትር ወረደ ማለት ነው። ሁለቱም በርሜል በአንድ ዶፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የት ይሄዳል?

ይሄ ጥያቄ እዚህ ከሌላ ቦታ ይልቅ ይከብዳል፣ ምክንያቱም የዚህ አካባቢ አፈር ብዙ ቦታ ላይ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ ሸክላ ነው። አገር ቤት መረሬ ላይ ቤት የሠራ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ውሃ መሠረቱ ስር ሲገባ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የትርፍ መውጫው ቧንቧ እንደ መግቢያው መወፈር አለበት፣ ጫፉም ከቤቱ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ። ቆንጆው በርሜል ይዞት የመጣው የትርፍ መውጫ የጣት ውፍረት ነበር። ለዚህ አምራቹን በጣም ነው የታዘብኩት። በኋላ የአሸንዳ መቀልበሻ ገዝቼ አስገባሁ፤ በርሜሉ ሲሞላ ውሃውን በራሱ ወደ ድሮው አሸንዳ የሚመልስ ነው። 30 ዶላር አካባቢ ነው፣ ለክረምት መክደኛም አለው። በርሜሉን ካነሳችሁ በኋላ መክደኛውን ገጥማችሁ አሸንዳው እንደ ድሮው ይሠራል፣ በክረምት የሚቀልጠው በረዶም መሠረቱ ስር አይጠራቀምም። ከዚህ ሁሉ ዕቃ ውስጥ በጣም የማደንቀው ይሄን ትንሽ ነገር ነው።

ሞልቶ የቆመ በርሜል ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ስለዚህ ብሎኬት ስታነጥፉ ደልድሉት። ከፍ ማድረጉ ግፊት ይጨምራል ብላችሁ ግን ብዙ አትድከሙ። አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.1 ባር ብቻ ነው፣ የከተማው ቧንቧ ብዙ ጊዜ 3 ባርና ከዚያ በላይ አለው። ጎማ ትስባላችሁ እንጂ ሣር የሚረጭ መርጫ አታንቀሳቅሱም።

ብሩ ይመለሳል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቶሎ አይመለስም። 110 ጋሎን የቧንቧ ውሃ እዚህ ከአንድ ዶላር በታች ነው። በአንድ በጋ በርሜሉን ደጋግማችሁ ብትሞሉት እንኳ ያተረፋችሁት የምሳ ሒሳብ አይሞላም። እኔ የምወደው ክሎሪን የሌለበት ውሃ ስለሆነ፣ ደረቅ ሳምንት ሲመጣ ለጤና አዳምና ለጎመኑ እጄ ላይ ውሃ ስላለኝ ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ የዚህ አገር ጣሪያ አብዛኛው አስፋልት ነው፣ ወፍም ይቀመጥበታል። ውሃውን ሥሩ ላይ አፍስሱ፣ ቅጠሉ ላይ አይደለም። የጎመን ቅጠል በቧንቧ ውሃ ታጥቦ ነው ድስት የሚገባው።

ወደ እጣቢው ልለፍ፣ ዋናው ትርፍ ያለው እዚህ ነው። ዝናብ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። ልብስ ግን በየሳምንቱ ይታጠባል፣ ልጆች ካሉማ አትጠይቁኝ። ከፊት የሚከፈተው አዲሱ ማሽን በአንድ እጥበት ከ13 እስከ 20 ጋሎን አካባቢ ይደፋል፣ ድሮ የነበረው ከላይ የሚከፈተው ደግሞ 40 ድረስ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ዛፍ ሊያጠጣ ሲችል ፍሳሽ መስመር ውስጥ ይገባል።

ሕጉ እዚህም አለ። ኮሎራዶ በ2013 እጣቢ መጠቀምን ፈቀደች፣ ግን እያንዳንዱ ከተማ ራሱ እሺ ካላለ አይሠራም ነበር። በ2024 የወጣው ሕግ ይሄን ገለበጠው፤ ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ከተማው ወይም ካውንቲው አልፈልግም ካላለ በቀር የተፈቀደ ነው። ፈቃድና ፍተሻ ግን አለ፣ ለነባር ቤት ይሠራ እንደሆነም ጭምር ከመቆፈራችሁ በፊት ከተማችሁን ጠይቁ። እጣቢ የሚባለው የልብስ ማሽን፣ የሻወርና የመታጠቢያ ቤት ሲንክ ውሃ ነው። የኩሽና ሲንክ አይገባም። የወጥ ቅባት ያለበት ውሃ ቱቦም ይዘጋል፣ ይሸታልም፣ የኛ ቤት ደግሞ ምን ያህል ቅባት እንደሚደፋ ራሳችሁ ታውቃላችሁ።

እኔ የገዛሁት ዕቃ አንድ ባለ ሦስት መንገድ የነሐስ ቫልቭ፣ አየር የሚያስገባ ትንሽ መክደኛ፣ አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ቱቦና መገጣጠሚያዎች ነው። ዕቃው ብቻውን ከ200 ዶላር ብዙም አይርቅም። ፓምፕ የለውም፣ ፊልተር የለውም፣ የማሽኑ የራሱ ፓምፕ ነው የሚገፋው። ቱቦው ዛፎቹ ዙሪያ የእንጨት ፍቅፋቂ የተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ የሚያጣራውም ፍቅፋቂውና አፈሩ ውስጥ ያለው ሕይወት ነው። የማሽኑ ፓምፕ እንዳይደክም ሜዳ ላይ ከ15 ሜትር በላይ አትውሰዱት፣ ዳገትም አታስወጡት። ጠብታ የሚያጠጡት ቀጫጭን ቱቦዎች ላይም አታገናኙት፣ የልብስ ብናኝ ቶሎ ይደፍናቸዋል።

ቫልቩን ማሽኑ ጎን፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ አስገጥሙት። ይሄ ለቅዝቃዜ አገር ሁሉም ነገር ነው። ዛፉ ሲተኛና መሬቱ ሲጋገር አንድ ጊዜ ታዞሩትና ውሃው ወደ ፍሳሽ መስመር ይሄዳል፣ በቃ። በጋ ላይም በረኪና የገባበት ወይም የሕፃን ዳይፐር የታጠበበት ቀን ታዞሩታላችሁ። ሳሙናው ፈሳሽ ይሁን፣ ቦራክስና ብዙ ጨው የሌለበት። የዱቄት ሳሙና ብዙ ጊዜ ሶዲየም ይበዛዋል፣ የዚህ አፈር ደግሞ እሱ ሳይጨመርበትም አልካላይን ነው። የኔ ፖምና ፕለም ተመችቷቸዋል። ሥር የሚበላ አትክልትና በጥሬው የሚበላ ቅጠል ላይ ግን እጣቢ አይሄድም፣ ቃሪያና ጎመን የዝናብ በርሜሉ ድርሻ ናቸው።

ስለ አገልግሎቱ ደግሞ ቅሬታ አለኝ። መጀመሪያ መስመሩን የቀበረውን ድርጅት ስም አልጠራም። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፣ በሰዓቱ መጡ፣ ሣሩን እንኳ መልሰው አስተካከሉ። ግን ቱቦውን ሜዳ ለሜዳ ቀበሩት፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ሆድ አወጣ። ለእንዲህ ዓይነት መስመር ተዳፋቱ በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ውሃው ራሱ ወርዶ ያልቃል። የኔው ግን መሐል ላይ ውሃ ይዞ ክረምት ገባ፣ ጋገረ፣ ተሰነጠቀ። ጸደይ ላይ ማሽኑ ሲሠራ ውሃው በእግር መንገዱ ስር መንጭቶ ወጣ። ስደውል «የውርጭ ጉዳት ዋስትናው ውስጥ የለም» አሉኝ። ዴንቨር ላይ ቱቦ እየቀበሩ ውርጭ አይመለከተንም ማለት ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። በኋላ ያስተካከለልኝ የኛው ልጅ ነው፣ ቧንቧ ሠራተኛ። ቆፍሮ አየውና «ወንድሜ፣ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ነው የሠሩለት» አለኝ። ዝቅ ያለው ቦታ ሁሉ ላይ ማስወጫ ቀዳዳ በሳለት፣ ከዚያ ወዲህ ችግር የለም። ስለዚህ ሠራተኛ ስትቀጥሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፤ ማሽኑ ሲቆም ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ የት ይሄዳል? ካቅማማ አትቅጠሩት።

እነዚያው ሰዎች ናቸው ትልቁን ሣጥን ሊሸጡልኝ የሞከሩት። ምድር ቤት ይቀመጣል፣ የሻወሩን ውሃ ያጠራቅማል፣ ያጣራል፣ በፓምፕ ይመልሳል። ዋጋው በሺዎች ነው። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን እጣቢ ከ24 ሰዓት በላይ ሲቀመጥ ይበሰብሳል፣ ሽታው ምድር ቤቱን አልፎ ሳሎን ይደርሳል። ውሃውን የሚያጸዱት ባክቴሪያዎች ደግሞ ሲቀዘቅዛቸው ይደክማሉ። ፊልተሩን ከፀጉርና ከሳሙና ዝቃጭ የሚያጸዳው ማነው? እናንተ ናችሁ። ክረምት ላይ ውጭ የሚጠጣ ተክል የለም፣ ስለዚህ የሚቀረው ሽንት ቤት ማፍሰስ ነው፣ ለዚያ ደግሞ እዚህ ስቴት ውሃው መድኃኒትም ቀለምም እንዲጨመርበት ደንቡ ያዛል። ሆቴል ወይም የተማሪ ዶርም ያለው ሰው ያስብበት። ለአንድ ቤተሰብ ጣጣ መግዛት ነው።

አንዳንዶች እጣቢውን ዝናብ በርሜሉ ውስጥ ብንጨምረውስ ይላሉ። በፍጹም። የዝናቡ ውሃ ተከድኖ ሳምንታት ይቆያል፣ እጣቢው ዛሬውኑ አፈር መግባት አለበት።

ከዚህ የባሰ የሚቀዘቅዘው ሚኒሶታ ስቴት ላላችሁ፣ የቫልቩና የተዳፋቱ ነገር አንድ ነው፣ ቅዝቃዜው ነው የሚለየው። የዴንቨር የግንባታ ደንብ የውርጭ ጥልቀትን፣ ማለትም መሬቱ እስከ ስንት ድረስ እንደሚጋገር፣ 36 ኢንች ይላል፣ እናንተ ጋ ደቡቡ 42፣ ሰሜኑ 60 ኢንች ነው። ከዚያ በታች ልቀብር ካላችሁ ቁፋሮው ብቻ ከዕቃው ብዙ እጥፍ ያስወጣችኋል። ባይሆን ጥልቀት ከሌለው ጉድጓድ ውስጥ፣ ፍቅፋቂ ስር አድርጋችሁ፣ ወቅቱ ሲያልፍ ቫልቩን ማዞር ይሻላል። በርሜሉንም ቀድማችሁ አንሱት። ባዶውን ገልብጣችሁ ጋራዥ ውስጥ አስቀምጡ፣ ቦታ ከሌለ ውጭም ይሆናል፣ ክዳኑን ግን ለብቻው ወደ ቤት አስገቡት፣ ንፋስ ከወሰደው ለብቻው የሚሸጥ ክዳን ማግኘት ከባድ ነው።